ሮም ለምትሄዱ ሰዎች

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ «ቲቸር፣ ለሥልጠና ሮም ልሄድ ነው፤ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ሦስት ቀን አለኝ፣ ምን ልይ?» ብላ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ተመሳሳይ ጥያቄ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁና መልሱን እዚህ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ረዥም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ኮሎሲየምን፣ የቫቲካንን ሙዚየም፣ ሳንቲም የሚወረወርበትን የትሬቪን ፏፏቴ ማንም አስጎብኚ ያሳያችኋል። እነሱን አትዩ አልልም፣ እዩ። እኔ የምጽፈው ግን አስጎብኚው ባንዲራውን ከፍ አድርጎ በፍጥነት ስለሚያልፋቸው ቦታዎች ነው። ሮም ውስጥ የእኛ ታሪክ በብዙ ቦታ ተቀምጧል፤ አንዳንዱ በቤተ ክርስቲያን፣ አንዳንዱ በመንገድ ስም፣ አንዳንዱም ባዶ በቀረ አደባባይ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ እዚያ ስትደርሱ ድንጋዩ ላይ የምታነቡት እሱን ስለሆነ።

ከአውሮፕላን ጣቢያ በባቡር የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው ተርሚኒ የሚባለውን ትልቁን ባቡር ጣቢያ ነው። ስሙ የመጣው አጠገቡ ካለው የንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ የሕዝብ መታጠቢያ ነው። አዎ፣ ስንክሳር ላይ የምናውቀው፣ ዘመነ ሰማዕታት የሚቆጠርበት ያው ዲዮቅልጥያኖስ። የመታጠቢያው ፍርስራሽ ዛሬም አለ፤ ከፊሉ በማይክል አንጄሎ ንድፍ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ክርስቲያኖችን ባሳደደው ንጉሥ መታጠቢያ ውስጥ ቅዳሴ ይቀደሳል ማለት ነው።

ከጣቢያው ስትወጡ ፊት ለፊት ያለው አውቶቡስ የሚርመሰመስበት ሰፊ ሜዳ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። በየቀኑ የሚያቋርጠው ሮማዊ አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ብትጠይቁት ብዙው የሚያውቅ አይመስለኝም። እኛ እናውቃቸዋለን። በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት የኢጣሊያ ጦር ነው። ጦሩ በሌተና ኮሎኔል ደ ክሪስቶፎሪስ እየተመራ ሰሓጢ የተከበበውን ምሽግ ለመርዳት ሲሄድ ነበር መንገድ ላይ የተያዘው። ወሬው ሮም ሲደርስ አገሩ ተናወጠ፤ በዚያው ዓመት ለሞቱት መታሰቢያ ቆመ። ሐውልቱ አሁን ጣቢያው ፊት የለም፤ በ1920ዎቹ ጥቂት እልፍ ብሎ ከመታጠቢያው ፍርስራሽ አጠገብ፣ ዛፎች ያሉበት ትንሽ መናፈሻ ውስጥ ተተክሏል። በእግር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስሞቹ ነሐስ ላይ ተጽፈዋል። አናቱ ላይ የቆመው ድንጋይ ደግሞ ኢጣሊያዊ አይደለም፤ የዳግማዊ ራምሴስ የግብጽ ሐውልት ነው፣ ከሄሊዮፖሊስ የመጣ። በ1883 ከመሬት ተቆፍሮ ሲወጣ ምን እናድርገው እያሉ ሳለ ዶጋሊ ደረሰላቸው። በአፍሪካውያን ለተሸነፈ ጦር መታሰቢያ ከአፍሪካ የመጣ ድንጋይ!

እዚያ ጥቂት ቁሙ። ምክንያቱም በ1937 ፋሽስቶች ከአዲስ አበባ ለገሃር ነቅለው የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ያስቀመጡት እዚሁ ሐውልት ሥር ነው። ለዶጋሊ ብድራት መሆኑ ነው። በሰኔ 1938 ዘርዓይ ደረስ የሚባል ኤርትራዊ ወጣት አንበሳውን እዚያ አየው። ወደ ኢጣሊያ ያመጡት ለተጋዙት የኢትዮጵያ መኳንንት አስተርጓሚ እንዲሆን ነበር። ተንበረከከ፤ ሊያስነሱት ሲሉ ሰይፉን መዘዘ። በእኛ አገር በቃል የሚተረከው እዚያው ብዙ ፋሽስት ቀልቶ እዚያው በጥይት መውደቁ ነው። ሰነዶቹ የሚሉት ሌላ ነው፦ ሰዎች አቆሰለ፣ እሱም ቆሰለ፣ ተያዘ። ፍርድ ቤት ቢያቀርቡት ጉዳዩ ሊሰማባቸው ነውና «እብድ ነው» ብለው ሲሲሊ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ላኩት። በሐምሌ 1945፣ ሙሶሊኒ ከሞተ በኋላ፣ ጦርነቱም አውሮፓ ውስጥ ካበቃ በኋላ፣ እዚያው እንደተዘጋበት ሞተ። ለእኔ ይኼኛው ይበልጥ ይከብደኛል። በአንድ ቅጽበት መሞትና ሰባት ዓመት በእብድ ስም ተዘግቶ መኖር አንድ አይደለም። አንበሳው በ1960ዎቹ ተመልሶ ለገሃር ቆሟል። ሮም ላይ ስለ ዘርዓይ ለማሰብ የሚሆነው ቦታ ይኼ መናፈሻ ነው።

የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ያሉት በዚሁ በጣቢያው ዙሪያ ነው፤ እንጀራ ሲያምራችሁ ሩቅ አትሂዱ። ከዚያ ወደ ፒያሳ ኢንዲፔንደንሳ ብቅ በሉ። በነሐሴ 2017 ከአንድ ባዶ ከነበረ ሕንጻ ውስጥ ለዓመታት ሲኖሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በፖሊስ እንዲወጡ ተደርገው፣ አደባባዩ ላይ ያደሩትን ደግሞ በውኃ መርጫ መኪና የበተኗቸው እዚያ ነው። ከዶጋሊ ሐውልት በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። አስተያየት አልጨምርም።

አሁን ወደ ጥንቱ እንሂድ። ሜትሮ ቢ መስመር ይዛችሁ ኮሎሴዮ ውረዱ። ለኮሎሲየም ቲኬት ቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ፤ በዚያ ፀሐይ ሰልፍ መቆም ቅጣት ነው። ቲኬቱ ፎረም የሚባለውን የጥንቱን አደባባይና የፓላቲን ኮረብታንም ይጨምራል። ኮሎሲየሙን ቬስፓስያን ጀምሮት ልጁ ቲቶ በ80 ነው የመረቀው። ቲቶ ማለት በ70 ኢየሩሳሌምን ያፈረሰው ነው። ፎረሙ ጫፍ ላይ የእሱ ድል ቅስት አለ፤ ከሥሩ ቀና ብላችሁ የውስጡን ግድግዳ እዩ። የሮማ ወታደሮች ከቤተ መቅደሱ የዘረፉትን ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን የወርቅ መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል። የሮም አይሁድ በዚያ ቅስት ሥር አናልፍም ብለው ለዘመናት ኖረዋል። የዶጋሊን መናፈሻ አይቶ የመጣ ሰው ይህን ለመረዳት ማስረጃ አይፈልግም።

ከኮሎሲየም ወደ ፒያሳ ቬኔስያ የሚወስደው ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ ጥንታዊ ይመስላችኋል፤ አይደለም። ሙሶሊኒ በ1932 የሰው መኖሪያ ሰፈር አፍርሶ፣ የጥንቱንም አደባባይ ለሁለት ሰንጥቆ ያወጣው ነው። ሠራዊቱ ኮሎሲየምን ከኋላ አድርጎ እንዲሰለፍበት። እየሄዳችሁ የማክሴንሺየስ ባዚሊካ ግንብ ላይ የሮማ ግዛት እንዴት እያደገ እንደሄደ የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ታያላችሁ። አምስተኛ ነበራቸው። በ1936 የተጨመረው አምስተኛው ካርታ «አዲሱን የሮማ ግዛት» ያሳይ ነበር፤ ኢትዮጵያም ተቀብታ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አወረዱት። አራቱን ስታዩ የአምስተኛውን ቦታ በዐይነ ሕሊናችሁ ሙሉት።

መንገዱ የሚያልቀው ፒያሳ ቬኔስያ ላይ ነው። (የእኛ ፒያሳም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ቋንቋ መሆኑን አትርሱ፤ አደባባይ ማለት ነው።) ትልቁን ነጭ የቪቶሪዮ ኢማኑኤል ሐውልት ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል። እናንተ ዞር ብላችሁ በጎን ያለውን ቡናማ ቤተ መንግሥት፣ ፓላሶ ቬኔስያን እዩ። መሐል ላይ አንዲት ትንሽ በረንዳ አለች። ግንቦት 9 ቀን 1936 ሌሊት ሙሶሊኒ «ግዛተ ዐፄው ወደ ሮማ ኮረብቶች ተመለሰ» ብሎ የፎከረው እዚያች በረንዳ ላይ ቆሞ ነው። ሕዝቡ አደባባዩን ሞልቶ ይጮህ ነበር። አዲስ አበባ ከተያዘች አራተኛ ቀኗ ነበር፤ አርበኛው ገና በየጫካው እየገባ ነበር።

ከሁሉ ግን በጣም የምወዳት ቦታ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ናት። ሜትሮ ቢ ላይ ቺርኮ ማሲሞ የሚባለው ጣቢያ ስትወጡ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊታችሁ ነው። ሕንጻው ሲታሰብ ለኢጣሊያ አፍሪካ ሚኒስቴር ነበር፤ ማለትም እኛን ለማስተዳደር። የአክሱም ሐውልት ደግሞ እሱ ፊት ቆሞ ነበር።

ታሪኩን አጠር ላድርገው። ሐውልቱ አክሱም ላይ ወድቆ፣ ተሰባብሮ ነበር። በ1937 ቁርጥራጩን በመኪና ወደ ምጽዋ፣ በመርከብ ወደ ናፖሊ፣ ከዚያ ወደ ሮም ወሰዱት። ፋሽስቶች ሥልጣን የያዙበት 15ኛ ዓመት ሲከበር ጥቅምት 28 ቀን መረቁት። 24 ሜትር ቁመት አለው፣ ክብደቱ ከ150 ቶን ይበልጣል። በ1947 የሰላም ውል ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈረመች። 18 ወሩ 58 ዓመት ሆነ። ምክንያት አልጠፋም፦ ገንዘብ የለም፣ ይሰበራል፣ ሐውልቱ እኮ ሮምን ለምዷል። በ2002 መብረቅ መታው፤ «እዚህ ይጠበቃል» ለሚሉት መልስ የሰጠ ይመስል። በ2003 መፍታት ጀመሩ። ምጽዋ በጦርነቱ ምክንያት ተዘግታለች፣ መንገዱና ድልድዩ አይችለውም፣ ስለዚህ የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያ ተሻሽሎ በሚያዝያ 2005 በሦስት በረራ በአንቶኖቭ ገባ። በመስከረም 2008 ቆሞ ተመረቀ።

እስካሁን ያልኩትን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የሚቀጥለውን ግን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሁልጊዜ ተማሪ ዝም የሚልበት ነው።

አደባባዩ አጠገብ ያለው ረዥም አረንጓዴ ሜዳ የጥንቱ የሰረገላ መሽቀዳደሚያ፣ ሰርከስ ማክሲመስ ነው። በ357 የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ዳግማዊ ኮንስታንቲዩስ ሮምን ሊጎበኝ መጣ። ለጉብኝቱ መታሰቢያ ከግብጽ ካርናክ የመጣ፣ ከ32 ሜትር በላይ የሆነ ሐውልት ሰርከሱ መሐል አስተከለ። ሐውልቱ ኋላ ወደቀ፣ ተቀበረ፣ በ1587 ተገኝቶ ዛሬ የቅዱስ ዮሐንስ ላተራን አደባባይ ላይ ቆሟል፤ በሮም ካሉት ትልቁ እሱ ነው። እዚያም ሂዱና እዩት።

ይህ ኮንስታንቲዩስ ማን ነው? በዚያው ሰሞን፣ 356 ገደማ፣ ለአክሱም ነገሥታት ለዔዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ የጻፈው ሰው ነው። ደብዳቤው ዛሬም አለ፤ ቅዱስ አትናቴዎስ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ገልብጦ አስቀምጦልናል። ንጉሠ ነገሥቱ አርዮሳዊ ስለነበር፣ አትናቴዎስ የሾመውን ፍሬምናጦስን፣ ማለትም የእኛን አባ ሰላማን፣ እምነቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ መልሱልኝ ነው የሚለው። ነገሥታቱንም «ወንድሞች» እያለ ነው የሚያናግራቸው። እንዴት እንደመለሱለት የሚገልጽ ጽሑፍ አልደረሰንም፤ አባ ሰላማ ግን እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን ከሣቴ ብርሃን ተብሎ የሚጠራ አባት ነው፣ አርዮሳዊነትም እኛ ዘንድ ሥር አልሰደደም።

የአክሱም ትልልቅ ሐውልቶች የሚገመቱት በዚያው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እንግዲህ ነገሩን አያይዙት። ኮንስታንቲዩስ የግብጹን ድንጋይ ባቆመበት ሜዳ ጫፍ ላይ፣ ከ1,580 ዓመት በኋላ ሙሶሊኒ የአክሱሙን አቆመ። የድሮው ንጉሥ ለአክሱም ደብዳቤ ነበር የላከው፤ ሙሶሊኒ የላከው የሰናፍጭ ጋዝ ነው። በነገራችን ላይ ፈረንጆቹ «ኦቤሊስክ» ይሉታል እንጂ የእኛው ከግብጾቹ የተለየ ነው፤ አናቱ ሾጣጣ ሳይሆን ክብ ነው፣ ገላው ደግሞ በርና መስኮት እንዳለው ፎቅ ቤት ተቀርጿል። ሮም ውስጥ 13 ጥንታዊ ሐውልቶች ቆመዋል፤ ይህን ያህል ያለው ሌላ ከተማ የለም። ወደ መጣበት የተመለሰ ግን የእኛው ብቻ ነው። አሁን ቦታው ላይ በመስከረም 11 ቀን 2001 ኒውዮርክ ለሞቱት መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመዋል። የአክሱም ሐውልት 68 ዓመት ገደማ እዚህ እንደነበረ ካላወቃችሁ ምንም የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ከዚያ ተነሥታችሁ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ወደ ኮሎሲየም በእግር ተመለሱ። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጫማችሁን አውልቁ አልልም፤ መሬቱ ግን ይኼ ነው። መስከረም 10 ቀን 1960 አመሻሽ ላይ የማራቶን ሯጮች ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ተነሡ፤ ከስታዲየም ያልተነሣ፣ ስታዲየምም ያላለቀ የኦሎምፒክ ማራቶን ነበር። በጥንቱ አፕያ መንገድ ሲመለሱ ጨልሞ ነበር፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። ማንም የማያውቀው የክብር ዘበኛ ወታደር አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሮጦ፣ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ገባ፤ ራዲ በ25 ሰኮንድ ተከተለው። ሌላው የእኛ ሰው አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ። በዚሁ መንገድ ግንብ ላይ ለ50ኛ ዓመቱ የተለጠፈ የአበበ መታሰቢያ ጽሑፍ አለ፤ ዐይናችሁን ግንቡ ላይ አድርጋችሁ ሂዱ። በዚያው በ2010 የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ሲራጅ ገና መጨረሻዋን ጫማውን አውልቆ ነው የጨረሰው።

ሁለተኛውን ቀን ለቫቲካን ስጡት። ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ነጠላ ያዙ፣ በፈረንጅ አገር ይህን ያህል የሚጠቅም ልብስ የለም። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መካከለኛው ትልቁ የነሐስ በር ፊላሬቴ የሚባል ሠዓሊ በ1445 የጨረሰው ነው። ከትልልቆቹ ሥዕሎች ሥር ያሉትን ትንንሾቹን ፈልጉ፤ ከፍሎረንስ ጉባኤ በኋላ የግብጽና የኢትዮጵያ መነኮሳት ሮም ሲገቡ ተቀርጸዋል። ከኢየሩሳሌም ገዳማችን በ1441 የሄዱ ናቸው። የዛሬ 580 ዓመት ገደማ ማለት ነው።

ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፣ «የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ» የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ቫቲካን ውስጥ ሳይፈርስ ከቆየው ሁሉ ጥንታዊው ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ለእኛ ተሳላሚ መነኮሳት ተሰጠ። ዝም ብሎ የሚገባበት አይደለም፤ ቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ካልተሳካላችሁ የባዚሊካውን ጉልላት ውጡ፣ 551 ደረጃ ነው፤ የተወሰነውን በአሳንሰር መውጣት ይቻላል። ከላይ ሆናችሁ ወደ አትክልቱ ቦታ ስታዩ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንጻም ይታያችኋል።

ያቺ ትንሽ ቤት ለመጽሐፋችን የሠራችውን እንደ ተራ ነገር አትለፉት። በ1513 ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ቄስ የዳዊትን መዝሙር በግእዝ ሮም ላይ አሳተመ። በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው፤ ቋንቋውን ያስተማሩት እዚያ የነበሩት አባ ቶማስ ናቸው። (የሚያስቀው ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ነው ብሎ ማሰቡ ነው።) በ1548 እና 1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። ቤታቸው በግራኝ ጦርነት ሲቃጠል፣ መጻሕፍቱም አብረው ሲነዱ፣ እሳቸው ባሕር ማዶ ሆነው ነው ማተሚያ ቤት ያስገቡት። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1649 ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ አባ ጎርጎርዮስን ያገኛቸው እዚሁ ነው። ከእሳቸው ተምሮ የግእዝ መዝገበ ቃላትና የኢትዮጵያን ታሪክ ጻፈ። አውሮፓ ስለ እኛ በወጉ ማጥናት የጀመረው ከሁለቱ ጨዋታ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ሰጠመ፤ አገራቸውን አላዩም።

ሦስተኛው ቀን እንደ ልባችሁ ነው። ፓንቴዎንን ግን እንዳትተዉ፤ 43 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላት ያለ አንድ ብረት 1,900 ዓመት ቆሟል፣ መሐሉ ክፍት ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ይዘንባል። ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ «የአፍሪካ ሰፈር» የሚባለው አለ፤ ቪያሌ ኤርትራ፣ ቪያሌ ኢትዮጵያ፣ ቪያሌ ሊቢያ የሚባሉ ጎዳናዎች ያሉበት ነው። የሚታይ ነገር የለውም፣ ልብስ ቤትና ካፌ ነው፤ ቅኝ ግዛት እንዴት ተራ የአውቶቡስ አድራሻ እንደሚሆን ማየት ለሚፈልግ ግን ይበቃል። ላተራን አጠገብ ደግሞ ቪያ ደል አምባ አራዳም የሚባል መንገድ አለ። በየካቲት 1936 ባዶሊዮ የራስ ሙሉጌታን ጦር በመድፍና በመርዝ ጋዝ የፈጀበት አምባ አራዶም ነው። ጣሊያኖች «አምባራዳን» የሚል ቃል አላቸው፤ ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ማለት ነው። እናት የልጇን ክፍል አይታ «ምንድን ነው ይኼ አምባራዳን!» ትላለች። ቃሉ ከየት እንደመጣ የሚያስብ ጥቂት ነው። በ2020 የከተማው ምክር ቤት እዚያ ይሠራ የነበረው የሜትሮ ጣቢያ በስፍራው ስም ሳይሆን በጆርጆ ማሪንኮላ እንዲጠራ ወስኖ ነበር፤ እናቱ ሶማሊያዊት የሆነች፣ ናዚዎችን ሲዋጋ በ1945 የሞተ አርበኛ ነው።

አሁን ለኪሳችሁ። ቡና ቆማችሁ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። ማኪያቶ በሉ፣ ትግባባላችሁ። ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ያለማቋረጥ የሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች ንጹሕ ናቸው፣ ጠርሙስ ያዙ። 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ቦርሳችሁን ከፊት አድርጉ፤ ኪስ አውላቂው መርካቶ የሠለጠነ ነው የሚመስለው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ኮሎሲየም፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ የቫቲካን ሙዚየም በነፃ ነው፤ ሰልፉ ግን ሌላ ነው። ምቹ ጫማ አድርጉ፤ ሮም በእግር የምትታይ ከተማ ናት፣ ድንጋዩም ያደናቅፋል።

ሮም የምትኖሩ የዚህ ገጽ ወዳጆች፣ የሳንቶ ስቴፋኖን መግቢያ ፈቃድ በቅርቡ የጠየቀ ካለ አሠራሩን ከታች ቢጽፍልን ለልጅቷም ለሌሎችም ይጠቅማል። የምትበረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።